ከሰርቨሩ በፊት መለኪያውን ግዙ

ውድ ልጆቼ፣

ኃይል የሚቆጥብና የኔትወርኩን ሁኔታ እያየ ሥራ የሚደለድል የዳታ ሴንተር (ብዙ ሰርቨሮች አብረው የሚሠሩበት ማዕከል) መሞከሪያ እዚሁ ጎንደር ልትሠሩ መነሣታችሁን ስሰማ ደስ አለኝ፤ የግዢ ዝርዝራችሁን ሳነብ ግን ሰርቨሩ፣ ማሽኖቹን በኔትወርክ የሚያገናኘው ስዊችና መደርደሪያው ራክ በጥንቃቄ ተጽፈው ኃይል መለኪያው ተረስቶ አገኘሁት። መሞከሪያ ማለት ፈጣን ማሽን የተደረደረበት ክፍል ሳይሆን እያንዳንዱ ማሽን የሚወስደው ዋት ለየብቻው የሚነበብበት ቦታ ነውና፣ ገንዘቡ ካልበቃ ሁለት ሰርቨር ቀንሳችሁ በየሶኬቱ መለኪያ ያለው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ግዙ።

የጉግል መሐንዲሶች ሉዊዝ ባሮሶና ኡርስ ሆልዝል እ.ኤ.አ. በ2007 እንደጻፉት፣ ሰርቨሮቻቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ከአቅማቸው ከ10 እስከ 50 በመቶ በሚሆነው ብቻ ሲሆን፣ ቆጣቢ የሚባለው ሰርቨር እንኳ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ከሚወስደው ኃይል ግማሽ ያህሉን ይወስድ ነበር። ስዊች ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ዳታ አለፈበትም አላለፈበትም ፍጆታው እምብዛም አይለወጥም። ስለዚህ ቁጠባው ያለው ሥራውን ሰብስቦ የተረፈውን በማጥፋት ላይ ነው። ነገር ግን ብዙ ዳታ የሚለዋወጡ ሁለት ሥራዎችን አራርቃችሁ ካስቀመጣችሁ በመካከላቸው ያሉትን ስዊቾች ማጥፋት አትችሉም፤ ሁሉንም በአንድ መስመር ካጨቃችሁ ደግሞ መስመሩ ተጨናንቆ ሥራው ይዘገያል፣ በዋት ያተረፋችሁትንም በሰዓት ትከፍሉታላችሁ። ይህን ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፦ ፋት ትሪ በሚባለው አዘረጋግ ባለ 4 ፖርት 20 ስዊች 16 ማሽኖችን ያገናኛል፤ ማሽኖቹም ከቢሮ የወጡ አሮጌ ኮምፒውተሮች ቢሆኑ ይበቃል።

የጎንደርን ብርድም አትመኑት። ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠለሉ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ሙቀት የመሸከም አቅሙ አነስተኛ ነው፤ ማራገቢያው ይህን ለማካካስ ይፈጥናል፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆንም የሚወስደው ኃይል ወደ 8 እጥፍ ይጠጋል። የበጋው አቧራ ሲታከልበት ደግሞ (መስኮት ከፍታችሁ ልታቀዘቅዙ ማሰባችሁ አይቀርም) ያለ ማጣሪያ አይሆንም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። አንድ ጊዜ የሦስት ሳምንት ንባብ ሰብስበን ሳለ መብራት ሄደ፤ ጄኔሬተሩ ሲነሣ ሰርቨሮቹ ሰዓታቸውን አስተካክለው ተነሡ፣ የመለኪያው ሰዓት ግን ወደ መነሻው፣ እ.ኤ.አ. ወደ 1970 ተመለሰ። አየት ያደረገው ሰው አልነበረም። የትኛው ዋት የየትኛው ሥራ እንደሆነ ጠፋን። ከዚያ ሁሉ ጥቂት ቀናት የተረፉልን ዘበኛው ጋሼ በር ላይ ባንጠለጠሉት ደብተር «መብራት ሄደ፣ 8 ሰዓት» እያሉ ይጽፉ ስለነበር ነው። እናንተም መለኪያውንና ሰርቨሮቹን ከአንድ የሰዓት ምንጭ አገናኙ፤ ዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ ኃይል የሚሰጠው ባትሪ) መለኪያውንም ይሸፍን። ደብተሩንም በር ላይ ስቀሉ፤ የጋሼ የቀኑ 8 ሰዓት በሰርቨሩ ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) 11 ሰዓት መሆኑን ደግሞ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፉት።