ስለ ሶኒ ኤ7አር 4 ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ

ባለፈው ቃል በገባሁት መሠረት ይኸው። የማታውቁኝ ካላችሁ፣ ሥራዬ ሥዕል፣ ብራናና ያረጁ ፎቶዎችን በካሜራ መቅዳት ነው፤ ፒያሳ። ካሜራው በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ባለ 61 ሜጋፒክስል ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃን ተቀባዩ ሰሌዳ፣ የድሮውን የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚያህል) ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ነው። ከመጠየቃችሁ በፊት ከላይ ያለውን አንብቡ። ዋጋ አትጠይቁኝ። ካኖን ይሻላል ሶኒ የሚለውንም ለሌላ ቀን አቆዩት።

የሰርግ ልጅ፦ ጋሼ ሰላም ነው? ካሜራው እንዴት ነው?

መልስ፦ ለምን ሥራ?

የሰርግ ልጅ፦ ለሁሉም።

መልስ፦ ለሁሉም የሚሆን ካሜራ የለም። ቀጣይ።

አራት ኪሎ፦ ባለ 24 ሜጋፒክስል አለኝ። ወደ 61 ብሄድ ልዩነቱ በዓይን ይታያል?

መልስ፦ ስልክ ላይ አይታይም። ሲታተም ይታያል። የአንተ 6000 በ4000 ፒክስል ነው፤ ይሄኛው 9504 በ6336። ሁለት እጥፍ ተኩል ነው ብለህ አትደሰት፣ በወርዱ ያደገው አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነው። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ብታትም የአንተ 50 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፣ ይሄ 80። ለሳሎን ግድግዳ ከሆነ ያለህ ይበቃሃል።

ሌላም አለ። ፒክስሉ ትንሽ ስለሆነ የእጅህን መንቀጥቀጥ ሁሉ ይመዘግባል። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ 1/50 ሰከንድ ይበቃኝ ነበር የምትል ከሆነ አሁን 1/125 ብለህ ጀምር። ሌንስህ ርካሽ ከሆነ ደግሞ ካሜራው ርካሽነቱን አጉልቶ ያሳይሃል። መጀመሪያ ሌንስ፣ ከዚያ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ)፣ ካሜራው ሦስተኛ ነው።

የሰርግ ልጅ፦ ጋሼ ዋጋው አሁን ስንት ገባ?

መልስ፦ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላሩ የት እንዳለ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ።

ቅርስ ወዳድ፦ የብራና መጻሕፍት ለማንሳት አስበናል። ይሄ ካሜራ ይሆናል? አሠራሩንስ ቢያስረዱን?

መልስ፦ እንዲህ ጠይቁኝ እንጂ! የገዛሁትም ለዚሁ ነው። ብራና ላይ መታየት ያለበት ጽሑፉ ብቻ አይደለም። የቆዳው የጸጉር ቀዳዳ፣ ጸሐፊው መስመር ለማስያዝ የወጋው ነጥብ፣ ያሰመረው ጭረት፣ ተፍቆ የተጻፈበት ቦታ፣ ይሄ ሁሉ ለሚያጠናው ሰው ወሬ ነጋሪ ነው። እዚህ ላይ 61 ሜጋፒክስል ቅንጦት አይደለም።

ካሜራው ፒክስል ሺፍት የሚባል አሠራር አለው። በተራ ፎቶ እያንዳንዱ ፒክስል ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ አንዱን ብቻ ያያል፤ የቀረውን ከጎረቤቶቹ ገምቶ ይሞላል። ፒክስል ሺፍት ላይ ግን ሴንሰሩ በጥቂቱ እየተነቃነቀ 4 ወይም 16 ጊዜ ያነሳል። በ4ቱ ግምት አያስፈልግም፤ የቀይ ቀለሙ ጠርዝ ጥርት ብሎ ይወጣል። በ16ቱ ደግሞ 240 ሜጋፒክስል የሚሆን ፎቶ ታገኛለህ። ካሜራው ራሱ አያዋህዳቸውም፣ ኮምፒውተር ላይ በሶኒ ፕሮግራም ነው የሚዋሃዱት። ሳይጨመቅ ከተቀመጠ 16ቱ አንድ ላይ ወደ 2 ጊጋባይት ነው፣ ለአንድ ገጽ! ስለዚህ ለተራው ገጽ አንድ ፎቶ፣ ሐረግ (የገጽ ጌጥ) እና ሥዕል ላለበት 4፣ 16ቱን ለተለየ ነገር ብቻ።

አሁን ማስጠንቀቂያው። በ16ቱ መካከል ምንም ነገር መንቀሳቀስ የለበትም። የፒያሳ የድሮ ቤቶች ወለላቸው ጣውላ ነው፤ አንድ ሰው ሻይ ይዞ ካለፈ ሥራው ተበላሸ። ብራናውም ራሱ ይንቀሳቀሳል፤ እርጥበት ሲያገኘው ይለጠጣል፣ መብራት ሲያሞቀው ይኮማተራል። ስለዚህ የማያሞቅ መብራት፣ ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ፣ እኩል ርቀት። የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 8 ላይ አቁመው። ኤፍ 16 ብትሄድ ብርሃኑ በጠባቡ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተንና የከፈልክበት ጥራት ይለሰልሳል። በጣትህ አትጫን፣ በሰዓት ቆጣሪ አስነሳ። መጽሐፉን ደግሞ ወለል አድርገህ አትዘርጋው፣ ስፌቱ ይበጠሳል። ትራስ ሥሩ አድርግ፣ ገጹን ባለቤቶቹ ይግለጡት።

ቅርስ ወዳድ፦ እግዜር ይስጥልን። ትራይፖዱ የግድ ነው?

መልስ፦ አሁን ምን ስል ቆየሁ?

የቀሚስ ስቱዲዮ፦ ጋሼ፣ ነጠላና ጥልፍ ሳነሳ ጨርቁ ላይ የቀስተ ደመና ዓይነት ሞገድ ይወጣል። ይሄ ካሜራ ይፈታዋል?

መልስ፦ ሞሬ ነው እህቴ። የሽመናው ድርና ማግ ከፒክስሉ አደራደር ጋር ሲጋጭ የሚመጣ። ባለ 61 ላይ ከ24 ያነሰ ነው፣ ግን አይጠፋም፤ ሴንሰሩ ላይ ሞሬን የሚያለዝበው ማጣሪያ የለም። ጥራቱን ያተረፈው ያንን ትቶ ነው። ትንሽ ራቂ ወይም ቅረቢ፣ አንግሉን ቀይሪ። አልጠፋ ካለ ሶፍትዌር ላይ ታጠፊዋለሽ፣ የጥበቡን ቀለም ግን አብሮ እንዳያጠፋብሽ።

ዲኤስኤልአር አይሞትም፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ኒኮን ዲ850፣ ባለ መስታወቱ ዲኤስኤልአር፣ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 45 ሜጋፒክስል አለው፣ ባትሪውም ቀኑን ሙሉ ይሄዳል።

አራት ኪሎ፦ ትከሻህስ?

ዲኤስኤልአር አይሞትም፦ ትከሻ የሌለው ፎቶ አንሺ አይሁን። ደግሞ ደንበኛው ቴሌግራም ላይ ነው የሚያየው፤ 61ዱም 45ቱም እዚያ ተጨፍልቆ አንድ ነው።

የመልስ ቪዲዮ፦ እኔ አልበም የሚያሳትሙ ደንበኞች አሉኝ።

ዲኤስኤልአር አይሞትም፦ ለአልበም 12 ይበቃል ወንድሜ። ድሮ በፊልም አልተሠራም እንዴ?

የመልስ ቪዲዮ፦ ድሮ ፊልሙ 36 ሲሞላ ሰዉ ቤቱ ይገባ ነበር!

መልስ፦ ዲ850 ጎበዝ ካሜራ ነው፣ ማንም አልካደም። ክርክሩን ለቡና አቆዩት፣ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።

የመልስ ቪዲዮ፦ እሺ፣ ቪዲዮውስ?

መልስ፦ 4ኬ በሰከንድ እስከ 30 ፍሬም፣ ቀለሙ 8 ቢት ብቻ። ለቪዲዮ ሌላ ግዛ።

የሰርግ ልጅ፦ ለሰርግ ይሆናል ወይ? አልመለሱልኝም።

መልስ፦ እሺ፣ ቁጥሩን ላስላልህ። ከሙሽሪት ቤት እስከ አዳራሽ 3000 ፎቶ አነሳህ እንበል። የተጨመቀው ሮ (ያልተቀነባበረው ጥሬ ፋይል) እያንዳንዱ 60 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ 180 ጊጋባይት ሆነ። ያልተጨመቀው እጥፉ ነው። በሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ስታስቀምጠው ደግሞ እጥፍ፤ በአንድ ላይ የምታስቀምጥ ከሆነ ከሰርግ ሥራ ውጣ። የተጨመቀው ሮ መረጃ ይጥላል፤ በጨለማ ውስጥ የበራ ሻማ ጠርዝ ላይ ጥላውን ስታነሳ ይታወቅሃል። በኤ7አር ዘር ሳይጥል የሚጨምቀው የመጣው ኤ7አር 5 ላይ ነው፣ በ2022 እ.ኤ.አ.። እዚያ 26 ሜጋፒክስል ሮ መምረጥም ይቻላል። ለሰርግ ባለ 24 ወይም ባለ 33 ያዝና በተረፈህ ሌንስ ግዛ።

አራት ኪሎ፦ አዳራሽ ውስጥ ድምፅ አልባውን ሻተር (ኤሌክትሮኒኩን የብርሃን መዝጊያ) ስጠቀም ፎቶው ላይ መስመር መስመር ይመጣል።

መልስ፦ የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ይላል። የዚህ ካሜራ ሴንሰር ደግሞ ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ዘገምተኛ ነው፤ በኤሌክትሮኒክ ሻተር አንዱ መስመር ብርሃን ያገኛል፣ አንዱ ያጣል። የሚሮጥ ሰውም ይጣመማል። ሜካኒካል ሻተር፣ 1/50 ወይም 1/100።

ጃን ሜዳ፦ ለጥምቀት ከሩቅ ነው የማነሳው። 200 ሌንስ ብቻ ነው ያለኝ።

መልስ፦ እዚህ ጥሩ ነው። በኤፒኤስሲ ክሮፕ (የሴንሰሩን መሃል ብቻ በሚጠቀመው አሠራር) ብታስቀምጠው 26 ሜጋፒክስል ይቀርልሃል፤ 200ው እንደ 300 ሆኖ ያገለግልሃል። ፋይሉም ይቀላል። ሻተር ስፒድ አትርሳ።

የሰርግ ልጅ፦ ጋሼ የመጨረሻ፣ ያገለገለ ብገዛስ?

መልስ፦ ነጭ ግድግዳ በኤፍ 16 አንሳና አጉልተህ እይ፤ ነጥብ ካለ አቧራ ነው። ሁለቱንም የካርድ ማስገቢያ ሞክር። በእጅ መንፊያ የሚወጣ አቧራ ከሆነ ችግር የለም። በአፍህ ግን እንዳትነፋበት።