ሻይ ማሸጊያ ልትከፍት ላሰብከው ወንድሜ፦ መኪና አትግዛ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ጎንደር ላይ ሻይ ማሸጊያ ልትከፍት ነው። ትልልቆቹ የሻይ ፋብሪካዎች ማጓጓዙን ለምን ለሌላ ድርጅት ይሰጣሉ፣ እኔስ የራሴን አይሱዙ ልግዛ ወይ ብለሃል። አትግዛ። እኔም እዚሁ አዘዞ ሻይ አሽጌ ነው የምሸጠው።

1. የመልስ ጭነት። ሻያችን ከከፋ ውሽውሽ፣ ከኢሉባቦር ጉማሮ ነው የሚነሳው። ከአዲስ አበባ ጎንደር ብቻ ወደ 700 ኪሎ ሜትር ነው፣ ያውም ዓባይ በረሃን ወርደህ ወጥተህ። ያንተ መኪና ሻዩን አራግፎ ምን ይዞ ይመለሳል? የትራንስፖርት ድርጅት የመተማ ሰሊጥ ይጭናል፣ ደንበኛ አለው። አንተ የባዶውንም ነዳጅ ትከፍላለህ። ደግሞ ሻይ ክብደት የለውም፤ መኪናው ሳይከብደው ይሞላል፣ በአንድ ጉዞ የምታመጣው ኪሎ ትንሽ ነው።

2. ፋብሪካዎቹ ግን ሁሉንም ጉዞ ለሌላ መስጠት አያዋጣቸውም። ለጋው ቅጠል ወዲያው ፋብሪካ ካልገባ ይበላሻል። ከማሳ ፋብሪካ ያለውን መንገድ በእጅ መያዝ የሚሻለው ለዚህ ነው። ረጅሙን መንገድ የሚሄደው የደረቀው ሻይ ነው።

3. ሽታ። ዋናው እሱ ነው። ሻይ እርጥበትም ሽታም ይስባል። አንድ ድርጅት የላከልኝ መኪና ከዚያ በፊት ሳሙና ጭኖ ኖሯል፣ ወለሉን እንኳ አልጠረጉትም። ከረጢቱን ስፈታው ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ቢሯቸው ሄድኩ። ኃላፊው ቀና ብሎ ሳያየኝ «ኪሎው ጎድሏል? ከረጢቱ ተቀዷል? ታዲያ ምን ሆንክ? ሻይ ሻይ ነው» አለኝ። ከዚያ ነገ ና፣ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ደብዳቤ አስገባ። ወንበር እንኳ አላቀረቡልኝም። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ደግነቱ ፋብሪካው ከዚያው ምርት በጣሳ አሽጎ የሰጠኝ ናሙና ነበረኝ። ከቢሯቸው ሥር ካለው ሻይ ቤት ሁለቱንም ያለ ስኳር አስፈላሁና ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት። የመጀመሪያውን ፉት አለ። ሁለተኛውን ወደ አፉ አስጠግቶ መልሶ አስቀመጠው። ካሳዬን ሙሉውን ነው የከፈሉኝ! አሁን የማውቃቸው ነጋዴዎች ሁሉ ናሙና ያስቀራሉ፣ ከእኔ አይተው ነው።

ስለዚህ ውሉ ላይ «በጥንቃቄ ይጓጓዛል» የሚል ቃል አይበቃህም። መኪናው ከዚያ በፊት ምን እንደጫነ ይጻፍ። ከበርበሬ፣ ከሳሙናና ከነዳጅ ጋር እንዳይጫን፣ በክረምት ድርብ ሸራ እንዲለብስ፣ ሽታ ከያዘ ካሳ እንደሚከፈል በግልጽ ይቀመጥ። ሾፌሩ ቸኩያለሁ ቢልህም ከረጢት ፈትተህ ሳታሸት መረከቢያው ላይ እንዳትፈርም። ችግር ካየህ እዚያው ወረቀቱ ላይ ጻፈው፣ ሾፌሩም ይፈርምበት።

የእኔን ውል ማየት ከፈለግህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ እልክልሃለሁ።