አንድ መስመር ጨምሬ መጫኑ ለምን ባሰበት?

በዚህ እትም ከሰሜን ሸዋ የደረሱንን ሦስት ጥያቄዎች እንመልሳለን። ሦስቱም የጉግልን ክላውድ ቢልድ፣ ማለትም የተላከለትን ኮድ በጉግል ማሽኖች ላይ የሚገነባውን አገልግሎት፣ ከተርሚናል (ትእዛዝ ከሚተየብበት መስኮት) ስለመጠቀም ናቸው። ትእዛዞቹን በፊደላችን አስፍረናቸዋል፤ ሲተይቧቸው ግን በላቲን ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ለብርድ ልብስ መሸጫ የሠራሁትን ድረ ገጽ በስልክ ዳታ ነው ወደ ክላውድ የምልከው። ጥሬ ፎቶዎቹ አብረው እንዳይሄዱ ብዬ .ጂክላውድኢግኖር የሚባለውን፣ ወደ ክላውድ የማይላኩት የሚዘረዘሩበትን ፋይል ፈጠርኩና የፎቶውን ፎልደር ስም ብቻ ጻፍኩበት። የሚላከው ከ40 ሜጋ ወደ 310 ሜጋ አሻቀበ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ፋይሉን መፍጠርዎ ልክ ነው፤ የጎደለው ይዘቱ ነው። .ጂክላውድኢግኖር በሌለበት ጊዜ የመላኪያው ትእዛዝ (ጂክላውድ ቢልድስ ሰብሚት) .ጊትኢግኖርን፣ ማለትም ጊት የተባለው የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ የሚዘላቸውን ፋይሎች ዝርዝር፣ አንብቦ እዚያ የተከለከለውን ሁሉ ይተዋል፤ የጊት ታሪክ ያለበትን ፎልደርም አይልክም። የራስዎን .ጂክላውድኢግኖር ሲያገኝ ግን የሚያምነው እሱን ብቻ ነው። እርስዎ ፎቶዎቹን ሲያስቀሩ ኖድ ሞጁልስ (ከሌሎች የተወሰዱ ዝግጁ ኮዶች፣ ማለትም ፓኬጆች፣ ያሉበት ፎልደር) እና የጊት ታሪክ በሌላ በር ገቡ ማለት ነው።

ፋይሉ ውስጥ ሦስት መስመር ያስፈልጋል፦ የፎቶው ፎልደር፣ .ጊት፣ እና #!ኢንክሉድ:.ጊትኢግኖር። የመጨረሻው መስመር ኮመንት ስለሚመስል ብዙ ሰው ይሰርዘዋል፤ እንዳይነኩት። ከዚያ ዳታ ሳያወጡ ለማየት ጂክላውድ ሜታ ሊስት-ፋይልስ-ፎር-አፕሎድ ብለው ይተይቡ። ሊላኩ ያሉትን ፋይሎች አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ ምንም አይጭንም። ጂክላውድ ቢልድስ ሰብሚት ሲሉም ገና ከመጫኑ በፊት ስንት ፋይል እንደሆነና ሳይጨመቅ ምን ያህል እንደሚመዝን ተርሚናሉ ላይ ይጻፋል። ለአንድ ትንሽ ድረ ገጽ የፋይሉ ቁጥር ሺዎች ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ በኮንትሮል ሲ ያቁሙት።

.ዶከርኢግኖር (ዶከር የተባለው መገንቢያ የሚዘላቸው ፋይሎች ዝርዝር) ይህን አይተካም። እሱ የሚሠራው ኮዱ ክላውድ ከደረሰና ኢሜጁ (መተግበሪያው ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር የሚታሸግበት ጥቅል) መገንባት ከጀመረ በኋላ ስለሆነ ለስልክዎ ዳታ አይጠቅምም።

ከዳታው ይልቅ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። የይለፍ ቃል የሚቀመጥበት .ኢኤንቪ ፋይልም አብዛኛውን ጊዜ የሚከለከለው በ.ጊትኢግኖር ነው። ያ ከተዘለለ ፋይሉ ተጭኖ ክላውድ ስቶሬጅ ውስጥ ተቀምጧል፤ ዶከርፋይልዎ (የኢሜጁ አገነባብ የሚጻፍበት ፋይል) ፎልደሩን በሙሉ የሚገለብጥ ከሆነ ደግሞ ኢሜጁም ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ዛሬውኑ የዳታቤዙን ይለፍ ቃል ይቀይሩ።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ የማሾ ዋጋ የሚያሳይ መተግበሪያ ቢልድ እያደረግሁ መብራት ጠፋ። እንደገና ልጀምረው ወይስ ልጠብቅ?

መልስ፦ መጀመሪያ ጂክላውድ ቢልድስ ሊስት --ሊሚት=5 ብለው ይዩ። መብራቱ የጠፋው ኮዱ እየተጫነ ሳለ ከሆነ ዝርዝሩ ውስጥ ምንም አያገኙም፤ እንደገና ይላኩ። ጭነቱ አልቆ የቢልዱ መለያ ከወጣ በኋላ ከሆነ ግን ሥራው ያለ እርስዎ ኮምፒውተር እየቀጠለ ነው፤ የተቋረጠብዎ ሎጉን (የሥራውን ዝርዝር መዝገብ) ማየቱ ብቻ ነው። «ወርኪንግ» የሚል ካዩ መለያውን ይዘው ጂክላውድ ቢልድስ ሎግ --ስትሪም ብለው ይከታተሉ። ቢልዱን በተወሰነ ሪጅን (የጉግል ማሽኖች ባሉበት አካባቢ) አስጀምረውት ከነበረ --ሪጅን መጨመር አይርሱ፤ ካልጨመሩ ዝርዝሩ ባዶ መስሎ ይታያል።

ሳያረጋግጡ ሁለተኛ መጀመር የሁለት ቢልድ ደቂቃ ከማስከፈሉም በላይ ስውር ችግር ያመጣል። ሁለቱም ኢሜጁን «ሌተስት» በሚል ታግ (መለያ ስም) ወደ ኢሜጅ ማከማቻው ከገፉ የሚጸናው ዘግይቶ የጨረሰው ነው። አሮጌው ኮድ ዘግይቶ ከጨረሰ አዲሱን ይሸፍነዋል፤ ሁለቱም «ሰክሰስ» ስለሚሉ ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ፍለጋው ያደክማል። ታጉን የኮሚቱ (ጊት ላይ የመዘገቡት ለውጥ) አጭር መለያ ያድርጉት፤ ጊት ሬቭ-ፓርስ --ሾርት ሄድ ይሰጥዎታል። የማይፈልጉትን ቢልድ በጂክላውድ ቢልድስ ካንስል ያስቁሙ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት ደግሞ ሲልኩ --አሲንክ ይጨምሩ፤ ጭነቱ እንዳለቀ መለያውን ሰጥቶ ይለቅዎታል።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ አንዲት ቃል ባስተካከልኩ ቁጥር ፓኬጆቹ በሙሉ እንደ አዲስ ይወርዳሉ። ላፕቶፔ ላይ እንዲህ አይደለም።

መልስ፦ ላፕቶፕዎ የትናንቱን ሥራ ያስቀምጣል፤ ክላውድ ቢልድ ግን ለእያንዳንዱ ቢልድ አዲስ ማሽን አስነስቶ ሲጨርስ ይጥለዋል። ስለዚህ የግንባታው እርምጃዎች በሚጻፉበት ክላውድቢልድ ያምል ፋይልዎ ላይ ከግንባታው በፊት የቀድሞውን ኢሜጅ የሚያወርድ እርምጃ ያስገቡ፤ በዶከር ቢልዱ ላይም --ካሽ-ፍሮም ብለው ያንኑ ኢሜጅ ይጥቀሱ። የመጀመሪያው ጊዜ የሚወርድ ኢሜጅ ስለሌለ የማውረጃውን ትእዛዝ በባሽ (በተርሚናል ትእዛዝ አስኬጁ) በኩል አስኪደው መጨረሻው ላይ || ኤግዚት 0 ይጨምሩ፤ አለዚያ ቢልዱ እዚያው ይወድቃል። ዶከርፋይሉ ውስጥም መጀመሪያ የፓኬጆቹ ዝርዝር ብቻ ይገልበጥ፣ ቀጥሎ ኢንስቶል ይደረግ፣ ኮዱ መጨረሻ ይግባ። ኮዱ ከፊት ከሆነ አንዲት ፊደል ስትቀየር ከእሷ በታች ያለው ሁሉ ይፈርሳልና ካሹ አይረዳዎትም።