የተክል ስም መኖሪያውን ይነግረናል ወይ?

ሰላም እህቴ። «አርቬንሲስ፣ ፓሉስትሪስ የሚባሉት የተክል ስሞች የሚበቅሉበትን ቦታ ነው የሚያመለክቱት?» ብለሽ ጠይቀሻል።

አዎ፣ እነዚህ ሁለቱ እንደዚያ ናቸው። ሳይንሳዊ ስም ሁለት ቃል ነው። የመጀመሪያው ወገኑን ይናገራል። ሁለተኛው መልኩን፣ የመጣበትን አገር ወይም መኖሪያውን ሊነግረን ይችላል። አርቬንሲስ የእርሻ ማሳ፣ ፓሉስትሪስ የረግረግ፣ ሳክሳቲሊስ የድንጋያማ ቦታ ማለት ነው። ሲልቬስትሪስ ላይ ግን ተጠንቀቂ። «የጫካ» ብቻ ሳይሆን «የዱር፣ ሰው ያልተከለው» ማለትም ይሆናል።

ደግሞ ስሙን ብቻ አትመኚ። ቡናችንን እዪው። ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. «ኮፊያ አራቢካ» አለው፤ አውሮፓውያን ቡናን ያወቁት በአረቦች በኩል ነበርና። በዱር የሚበቅለው ግን እኛው ጋ፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ጥላ ሥር ነው። እኔን ይሄ ሁሌ ይቆጨኛል።

የተክሉ ገለጻም ከመኖሪያው አይለይም። አስታን ውሰጂ። ሳይንሳዊ ስሙ «ኤሪካ አርቦሪያ» ነው፤ አርቦሪያ ማለት «ዛፍ መሰል»። ባሌ ውስጥ፣ ከሐረና ደን በላይኛው ጠርዝ ካየሽው እውነትም ዛፍ ነው። ወደ ሳነቴ አምባ ከፍ እያልሽ ስትሄጂ ግን እያጠረ ቁጥቋጦ ይሆናል። ብርዱ አለ፣ እሳቱም በየጊዜው ያቃጥለዋል። አንዱን ብቻ ያየ ሰው የሚጽፈው ገለጻ ጎደሎ ነው የሚሆነው።

ስለዚህ ናሙና ስትሰበስቢ ከፍታውን፣ አፈሩንና ጥላውን እዚያው ቆመሽ ጻፊ። የደረቀ ቅጠል በኋላ ይህን አይነግርሽም።