የሚያቃጥለው ሲሄድ ሳይሆን ሲመጣ ነው፦ ስለ ፋብሪካ ሞተርና ስለ መብራት መዋዠቅ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የፋብሪካ ኤሌክትሪክ ጥገና ነው፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት ፓኔል ሥር ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ ማታ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። «ሞተሬ ተቃጠለ» ብላችሁ ብቻ ግን አትጻፉልኝ። ቮልቱ ስንት ነበር? ሦስቱም ፌዝ (ኃይሉን የሚያመጡት ሦስቱ ገመዶች) ነበር? እሱን ጨምሩበት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ወፍጮ ቤት አለኝ። 15 ኪሎዋት ሞተሬ ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ተቃጠለ። 63 አምፔር ብሬከር አለው፤ ለምን አላጠፋልኝም? ኦቨርሎዱ (ሞተሩ ከልኩ በላይ ሲስብ የሚያጠፋው ሪሌይ) ቶሎ ቶሎ እያጠፋ ሲያስቸግረን ወደ ላይ አዙረነዋል።

መልስ፦ ገዳዩን ራስህ ነገርከኝ። ብሬከሩ የሚጠብቀው ገመዱን ነው፤ ሞተሩን የሚጠብቀው ያ ያዞራችሁት ኦቨርሎድ ነበር። ሂሳቡን እየው። 15 ኪሎዋት ሞተር በ380 ቮልት ሙሉ ጭነት ላይ ወደ 30 አምፔር ይወስዳል። እህል እየፈጨ ሳለ አንድ ፌዝ ቢጎድል አይቆምም፤ በቀሩት ሁለቱ እያቃሰተ ይቀጥላል፣ ከረንቱም 1.7 እጥፍ ገደማ ይሆናል። 52 አምፔር ማለት ነው። 63ቱ ብሬከርህ ይህን እንደ ጤነኛ ነው የሚያየው፤ ሞተሩ ግን ውስጡ እየበሰለ ነው።

ፌዝ መጉደሉን ማረጋገጥ ከፈለግህ ዋይንዲንግ ቤት (ሞተር የሚጠቀለልበት) ሲከፍቱት ቁመህ እይ። ዴልታና ስታር የሞተሩ ሦስት ጥቅሎች እርስ በርስ የሚታሰሩባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው። በዴልታ የታሰረ ከሆነ የአንዱ ፌዝ ጥቅል ከስሎ ሁለቱ ንጹሕ ሆነው ይገኛሉ። በስታር ከሆነ ሁለቱ ከስለው አንዱ ይተርፋል። ሦስቱም እኩል ከጠቆሩ ጭነት በዝቶበታል፣ ወይም ቮልቱ ወርዶ ሠርቷል። ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።

ኦቨርሎዱን ኔምፕሌቱ (ሞተሩ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ) ላይ ባለው አምፔር ልክ መልሰው። ሞተሩ በስታር ተነስቶ ወደ ዴልታ የሚቀየር ከሆነና የኦቨርሎዱ ሪሌይ ከዴልታው ውስጥ ከተገጠመ የኔምፕሌቱን አምፔር 0.58ቱን ነው የምትይዘው፣ ያንተው 17 አካባቢ ይመጣል። ከዚያ ፌዝ የሚቆጣጠር ሪሌይ ገዝተህ ከኮንታክተሩ (ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋው ማግኔታዊ ስዊች) ኮይል ጋር በተከታታይ ግጠም። ስትገዛ ግን «ፌዝ ጠፋ አልጠፋ» ብቻ የሚለውን አትውሰድ። እየዞረ ያለ ሞተር የጎደለውን ፌዝ ራሱ መልሶ ስለሚያመነጭ ሪሌዩ ይሸወዳል። በፌዞቹ መካከል ያለውን ልዩነት የሚለካውን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ፕላስቲክ እናመርታለን፤ ማታ ማታ ቮልቱ 330 ይወርዳል። ስታቢላይዘር ልግዛ? ዋጋው አስደንግጦኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ገንዘብሽን ያዢና መጀመሪያ ለኪ። ማሽኑ በሙሉ ጭነት እየሠራ ሳለ አንዴ ቆጣሪው አጠገብ፣ አንዴ ማሽኑ ተርሚናል ላይ። ቆጣሪው ጋ 375 ሆኖ ማሽኑ ጋ 335 ካገኘሽ ጥፋቱ የመንገዱ ገመድ ነው፤ ቀጭን ነው ወይም የላላ ማያያዣ አለ። ስታቢላይዘር ያንን አያድንም። ከምንጩ ወርዶ የሚመጣ ከሆነና ትራንስፎርመሩ የራሳችሁ ከሆነ ታፑን (ትራንስፎርመሩ የሚሰጠውን ቮልት ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን መምረጫ) አስተካክሉት፤ ብዙዎቹ ላይ በየደረጃው 2.5 በመቶ ይጨመራል። እሱ የሚነካው ሙሉ በሙሉ ከጠፋ በኋላ፣ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ብቻ ነው። ቀን ላይ ቮልቱ እንዳይበዛባችሁም ደግማችሁ ለኩ።

330ን ግን አትናቂው። የሞተር ጉልበት ከቮልቱ ካሬ ጋር ነው የሚወርደው፤ 330 ላይ የሚተርፍሽ ጉልበት 75 በመቶ ያህል ነው። ጭነቱ ስላልቀነሰ ሞተሩ በከረንት ያካክሰዋል፣ ይግላል። ከተለካ በኋላ ስታቢላይዘር ካስፈለገም ቀስ ብሎ ለሚወጣና ለሚወርድ ቮልት ነው የሚሆነው። ለመብረቅ አይደርስልሽም።

ጥያቄ፦ መብራት ሄዶ ሲመለስ የድራይቭ (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ቦርድ ተቃጠለብን። ዘንድሮ ሁለተኛው ነው።

መልስ፦ የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ ሲመለስ ነው። መስመሩ ላይ ያለው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይነሳል፤ ሞተር ሲነሳ ደግሞ ከመደበኛው 6 ወይም 7 እጥፍ ይስባል፤ ቮልቱ ለጥቂት ጊዜ ይንገዳገዳል። አንዳንዴም መጥቶ ወዲያው ይሄዳል። መብራት ሲመለስ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚያዘገይ ታይመር ግጠሙ፤ ማሽኖቹም በየተራ ይነሡ። በመዞሪያ ስዊች ብቻ የሚሠራ ማሽን ካላችሁ ወደ በተን ቀይሩት፤ ሠራተኛው እጁን አስገብቶ ሳለ መብራት ሲመጣ ራሱ የሚነሳ ማሽን አይቻለሁ።

ለቦርዱ ሰርጅ (ድንገተኛ የቮልት ዝላይ) መከላከያ ዋናው ፓኔል ላይ ይግባ፤ የሚያገናኘው ገመድ ከግማሽ ሜትር አይብለጥ። ግራውንዱ (ወደ መሬት የሚወርደው መስመር) ካልተለካ ግን ጌጥ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ጊዜ ቢሮ ቁጭ ብለን አምፖሉ ድንገት ቦግ ብሎ ነጣ። ጎበዝ መብራት ዛሬ ብለን ሳንጨርስ ኮምፒውተሩ ጨሰ። ለካ ኒውትራሉ (ከሦስቱ ፌዞች ጋር የሚመጣው የመመለሻ ገመድ) ከተርሚናሉ ላልቶ ነበር። ኒውትራል ሲለቅ 220 የሚጠብቀው ዕቃ ላይ እስከ 380 ሊደርስ ይችላል። ሦስት ፌዙ ሞተር ግን ምንም አልሆነም፤ ሰላም ብሎ ይዞራል። አምፖል ሲነጣ አታድንቁ፣ አጥፉ።

ጥያቄ፦ ትራንስፎርመር ከተቀየረ በኋላ ሞተሮቻችን ወደ ኋላ ዞሩ።

መልስ፦ የፌዝ ቅደም ተከተል ተገልብጧል። ከሦስቱ ዋና ገመዶች ሁለቱን መለዋወጥ ነው። ስክሪው ኮምፕሬሰር ካላችሁ ከማስነሳታችሁ በፊት አረጋግጡ፤ በግልባጭ ከዞረ ለመበላሸት ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ ማሽን ሊልክልኝ ነው፤ 460 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። እዚህ ይሠራል?

መልስ፦ ሞተሩ በአብዛኛው ይሠራል። ዋናው የቮልትና የኸርዝ ምጣኔ ነው፦ 460ን ለ60 ብታካፍል 7.67፣ የኛን 380 ለ50 ብታካፍል 7.6፤ ተቀራራቢ ነው። ፍጥነቱ ግን አንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፣ ኃይሉም አብሮ። የሚያስቸግርህ መቆጣጠሪያው ነው። ከ480 ወደ 120 የሚቀንሰው ትንሹ ትራንስፎርመር በ380 ሲገባበት 95 ብቻ ይሰጣል፤ ኮንታክተሩ እየተንቀጠቀጠ ጫፉን ያቃጥላል። ያንን ብቻ አስቀይር። 230 ቮልት ብቻ የሚል ሞተር ከሆነ ግን ከወንድምህ ጋር እንደገና ተነጋገር።

ጥያቄ፦ የወፍጮ ቤቱ ነኝ፤ ፎቶውን ልኬያለሁ።

መልስ፦ አየሁት። አንዱ ጥቅል ከሰል፣ ሁለቱ እንደ አዲስ። ፌዝ ጎድሎብሃል። ፎቶው ጥግ ላይ የብሬከርህ ሁለተኛው ተርሚናል ጠቁሮ ይታየኛል፤ ፌዙ የጎደለው ከውጭው የመብራት ምሰሶ ሳይሆን ከዚያው ሊሆን ይችላል። መብራቱን ከላይ አጥፍተህ ያንን ብሎን ዛሬውኑ አስፈታው።