መልስ፦ አዳማ ላይ የቪትዝ ዘይት በርካሽ የት ልቀይር?

ማደያው በዛብኝ፣ ሰፈር ያለው ላቫጆ ደግሞ አስፈራኝ ብለሃል። ሁለቱን አቀላቅላቸው። ዘይቱንና ፊልትሮውን ራስህ ግዛ፣ ላቫጆው ጋ የእጅ ብቻ ክፈል።

መጀመሪያ ግን ማደያውን ዘይት ስንት፣ ፊልትሮ ስንት፣ የእጅ ስንት ብለህ ለያይተህ ጠይቅ። ብዙ ጊዜ የሚያስወድደው ዘይቱ እንጂ እጁ አይደለም። የእጁ ዋጋ ከላቫጆው ጋር ከተቀራረበ እዚያው ማደያው ጋ ጨርስ።

1. የዘይቱን ቁጥር (5ደብልዩ-30 ወይም ሌላ) ከመኪናው መመሪያ ደብተር ወይም ከሞተሩ የዘይት ክዳን ላይ አንብብ። ለቪትዝ ባለ 4 ሊትሩ ጀሪካን ይበቃል፤ የተረፈውን ይዘህ ተመለስ።

2. ጀሪካኑ ማሸጊያው ያልተነካ ይሁን። ከበርሜል እየቀዱ የሚሸጡትን እለፈው።

3. ጠዋት ሂድ። የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪኖች ዘይት የሚቀየርበትን ጉድጓድ ከያዙት ግማሽ ቀንህ አለቀ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፤ የኮፓውን (ከሞተሩ ስር ያለውን የዘይት መያዣ) ማፍሰሻ ቡሎን። እኔ ስልክ ሳወራ የላቫጆው ልጅ በጉልበት አጥብቆ ጥርሱን በላው። በማግስቱ ከመኪናው ስር የሳንቲም ስፋት ያላት ጥቁር ነጠብጣብ አየሁ፤ ችላ አልኳት። ከወንጂ ስመለስ የዘይት መብራቱ በራ! ለኮፓው የከፈልኩት በዓመት ከቆጠብኩት ይበልጣል።

ስለዚህ ቡሎኑ በእጅ ተጀምሮ በመጨረሻ ብቻ በቁልፍ መጥበቁን ቆመህ እይ። ሞተሩን ሁለት ደቂቃ አስነሳና ጎንበስ ብለህ ከስር ተመልከት። ከዚያ አጥፍተህ፣ ትንሽ ቆይተህ ዘይቱን ለካ። ሒሳቡን ከዚህ በፊት አትክፈል።