የጤና ካርድ እያለ የጉዞ መድን ለምን ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጀርመን ውስጥ ነው። በሕጋዊው የጤና መድን ሥርዓት የታቀፍኩ ስሆን ከካርዴ ጀርባ የአውሮፓ የጤና መድን ካርድ ታትሞበታል። በፌብሩዋሪ የትምህርት ቤት ዕረፍት ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ወደ ኦስትሪያና ወደ ስዊዘርላንድ ለበረዶ ሸርተቴ ለመሄድ አስበናል። ጉዞውን ያዘጋጀልን ወኪል የጉዞ መድን እንድንገባ ደጋግሞ መክሮናል። ካርዱ በመላው አውሮፓ የሚሠራ ከሆነ ተጨማሪ ገንዘብ የምናወጣው ለምንድን ነው? የአራታችንም ዜግነት ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ነው።

መልስ፦ በቅድሚያ በጥያቄዎ መጨረሻ ላይ የጠቀሱትን የዜግነት ጉዳይ ላንሣ፤ ለእርስዎ ቤተሰብ ዋናው ነገር እሱ ነውና። ካርዱ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሚያገለግል ሲሆን በ27ቱ የኅብረቱ አገሮች፣ በአይስላንድ፣ በሊክተንስታይን፣ በኖርዌይና በስዊዘርላንድ ይሠራል። ሆኖም ከኅብረቱ ውጭ ዜግነት ያላቸው ነዋሪዎች ካርዱ በእጃቸው ቢኖርም በዴንማርክ፣ በአይስላንድ፣ በሊክተንስታይን፣ በኖርዌይና በስዊዘርላንድ ለሕክምና ሊጠቀሙበት አይችሉም። ከዚህ የሚለዩት በኅብረቱ አገር የሚኖሩ የስደተኝነት ዕውቅና ያላቸው ሰዎች እና በኅብረቱ ዜጋ የቤተሰብ አባልነት የተመዘገቡ ናቸው። ከሁለቱ በአንዱ የማይካተቱ ከሆነ የጉዞዎ ሁለተኛ ክፍል ያለ አንዳች የሕክምና ሽፋን የሚደረግ መሆኑን ዛሬውኑ ይወቁት። የጤና መድን ድርጅትዎን ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ መያዝ ይበጃል።

ካርዱ በሙሉ በሚሠራበት አገርም ቢሆን የሚሰጥዎ መብት የተወሰነ ነው። ካርዱ በመንግሥታዊው የጤና ሥርዓት ውስጥ፣ ጉዞዎ እስኪያበቃ ድረስ ሊዘገይ የማይችለውን ሕክምና፣ የአገሬው ሰው በሚያገኝበት ሁኔታና በሚከፍለው ዋጋ እንዲያገኙ ያስችልዎታል። ብዙዎች «ነጻ ሕክምና» እያሉ የሚረዱት በስሕተት ነው። የአገሬው ሰው ከኪሱ የሚከፍለው ድርሻ ካለ እርስዎም ይከፍላሉ። ለዚህ ስዊዘርላንድ ጥሩ ማሳያ ትሆናለች፤ በዚያ አገር አስገዳጁ የጤና መድን ለአደጋ ጊዜ የነፍስ አድን ሥራ የሚሸፍነው የወጪውን ግማሽ ሲሆን፣ ይህም በዓመት ከ5,000 ፍራንክ አይበልጥም። ስለዚህ ካርዱ እዚያ የሚሠራለት መንገደኛ እንኳ ከተራራ በሄሊኮፕተር ቢነሣ የቀረውን ከኪሱ መክፈል ይኖርበታል።

በኦስትሪያም በመዝናኛ ላይ ለደረሰ አደጋ የተራራ ነፍስ አድንና የሄሊኮፕተር ወጪ በመርሕ ደረጃ የተጎጂው ዕዳ ነው፤ ሒሳቡም ብዙ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠር ዩሮ ይሆናል። በበረዶ ሸርተቴ መንደሮች አካባቢ ካሉት ክሊኒኮች ብዙዎቹ የግል መሆናቸውም ሊታሰብበት ይገባል። ጉልበቱ የተሰበረ ሰው በቃሬዛ ላይ ተኝቶ «ይህ ሆስፒታል የመንግሥት ነው ወይስ የግል?» ብሎ ለመጠየቅ ፋታ የለውም፤ ካርዱ ደግሞ የግል ሕክምናን አይሸፍንም።

ከሁሉ ይልቅ ሊያሳስብዎ የሚገባው ግን ወደ ቤት መመለስ ነው። ካርዱ የሚያሳክምዎ ባሉበት ቦታ ሲሆን ከዚያ ወደ መኖሪያዎ የሚያደርስዎን አምቡላንስ ወይም የሕክምና አውሮፕላን አይከፍልም፤ የጀርመን ሕግም ሕጋዊዎቹ የጤና መድን ድርጅቶች ከውጭ አገር ለሚደረግ የመመለሻ ጉዞ እንዳይከፍሉ ይደነግጋል። በእኔ አስተያየት የጉዞ መድን ዋና ጥቅሙ ይህን ርቀት መሸፈኑ ነው። ልጆች ይዞ ለሚጓዝ ወላጅ ደግሞ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፤ እርስዎና ባለቤትዎ ሆስፒታል ብትተኙ ልጆቹን ማን ይዟቸው ይመለሳል? ጥሩ ውል ለዚህም አጃቢ ይመድባል፤ ውሉን ሲያነቡ ይህን አንቀጽ ፈልገው ያግኙት። የበረዶ ሸርተቴና የነፍስ አድን ወጪ በግልጽ መካተታቸውን፣ በእያንዳንዱ አደጋ ከእርስዎ የሚቀነሰው መጠን ስንት እንደሆነ፣ እንዲሁም በመጠጥ ኃይል የደረሰ አደጋ እንዴት እንደሚታይ ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ እናቴ 71 ዓመታቸው ነው፤ በሸንገን ቪዛ ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። ለቪዛው የሚጠየቀው መድን ይበቃቸዋል?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የቪዛ ደንብ የሚጠይቀው ቢያንስ 30,000 ዩሮ ሽፋን ያለው፣ በሁሉም የሸንገን አገሮች የሚጸና፣ የቆይታውን ጊዜ በሙሉ የሚያካትት መድን ነው። ድንገተኛ ሕክምናን፣ በሕመም ምክንያት ወደ አገር መመለስን፣ ሞት ቢያጋጥምም አስከሬን መላክን መሸፈን አለበት። ውሉን እርስዎ በእናትዎ ስም መግዛት ይችላሉ።

ይሁን እንጂ 30,000 ዩሮ ዝቅተኛው መጠን እንጂ በቂ የሚባለው ልክ አይደለም። ለአረጋዊት እናት በጽኑ ሕሙማን ክፍል ጥቂት ሳምንታት መተኛት ይህን ገንዘብ ሊጨርሰው ይችላል፤ ከፍ ያለ ሽፋን እንዲመርጡ አጥብቄ እመክራለሁ። ደም ግፊቱን በተመለከተ፣ ብዙ ውሎች ከጉዞው በፊት የነበረን ሕመም አይሸፍኑም ወይም የሚሸፍኑት ሳይታሰብ ሲባባስ ብቻ ነው። «አረቦኑ ይጨምርብኛል» ብለው ሕመሙን ቢደብቁ፣ መድን ሰጪው የሐኪሙን ማስረጃ በሚያይበት ቀን ካሣውን ሊከለክልዎ ይችላል። የዕድሜ ጣሪያ ያላቸው ውሎችም ስላሉ 71 ዓመት መካተቱን ያረጋግጡ። እናትዎን ወደ አየርላንድ ወይም ወደ ብሪታንያ ይዘው ለመሻገር ካሰቡም፣ ሁለቱ አገሮች ከሸንገን ውጭ በመሆናቸው ለሸንገን ብቻ የተጻፈ ውል እዚያ አይከተላቸውም።

ጥያቄ፦ በረራ ሲሰረዝ አየር መንገዱ በአውሮፓ ሕግ ካሣ ይከፍላል። ታዲያ የጉዞ ስረዛ መድን ለምን?

መልስ፦ ያ ሕግ የሚናገረው አየር መንገዱ ስለሚያፈርሰው ጉዞ ነው። በርቀቱ መጠን ከ250 እስከ 600 ዩሮ ካሣ ይደነግጋል፤ ነገር ግን ከአየር መንገዱ አቅም በላይ በሆነ ልዩ ምክንያት የተሰረዘን በረራ ካሣ አይመለከተውም። እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2010 የአይስላንድ እሳተ ገሞራ አመድ የአውሮፓን ሰማይ ለቀናት በዘጋበት ጊዜ የሆነው ይኸው ነው። አየር መንገዱ በዚያን ጊዜም የቲኬቱን ዋጋ የመመለስ ወይም በሌላ በረራ የማድረስ፣ መንገደኛው በሚጠብቅበት ጊዜም ምግብና ማደሪያ የማቅረብ ግዴታ ነበረበት፤ መንገደኛው ሳይደርስበት የቀረው የሆቴል ክፍያ ግን በዚያ ሕግ አይመለስም።

ጉዞውን የሚያፈርሱት እርስዎ ከሆኑ፣ ለምሳሌ በመነሻው ዋዜማ ልጅዎ ቢታመም፣ አየር መንገዱ ካሣ አይከፍልዎትም። የስረዛ መድን የሚያገለግለው ለዚህ ነው። ውሉን ቲኬቱን በቆረጡበት ሰሞን ይግዙ፤ ሕመሙ ከታወቀ በኋላ የተገዛ ውል ለዚያ ሕመም አይከፍልም። ልጁ በታመመ ጊዜም ጉዞውን ሳይዘገዩ ይሰርዙ፤ የሐኪሙን ማስረጃ ከመነሻው ቀን በፊት ማውጣትዎን አይርሱ።